ለቬላፊ የተያዘው ወንበር

የወንድሜ ሚስት ማምቹኑ አፏን የምታሳርፍ ሴት አይደለችም። ንቁቱ ከተማ አጠገብ ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቆሎና ባቄላ እየቀቀለች አራት መቶ ልጅ ስታበላ፣ ከዋናው መምህር ጋር ያልተጣላችበት ሳምንት አልነበረም። አንድ ጊዜ ነቀዝ የበላው ባቄላ ሲመጣላት ጆንያውን አሸክማ ሄዳ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አስጫነችና፣ "እርስዎ መጀመሪያ ይቅመሱልኝ፤ ካልሞቱ ለልጆቹ እቀቅለዋለሁ" አለችው። ባቄላው በማግስቱ ተለወጠ። እኔ ሙዚዋኬ ታክሲ ስነዳ ያረጀሁ፣ ከተሳፋሪውም ከትራፊኩም ጋር ስሰዳደብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከእሷ ጋር ግን ክርክር አልጀምርም። እንግዲህ ይቺ ሴት ከንጋት እስከ ምሽት ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳትለዋወጥ ዋለች ስል የሚያውቋት ሁሉ አያምኑኝም።

ታላቅ ወንድሜ ቬላፊ ሲቶሌ የሞተው በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ግድግዳ ለሳኝ ነበር። ከፖርት ሼፕስቶን ወዲያ፣ ባሕሩ ዳር አንድ ትልቅ መዝናኛ ሲሠራ ከመወጣጫው ላይ ወደቀ። ሬሳው በሥራ ተቋራጩ መኪና መጣልን፤ ቀበርነው። ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ግን ሥጋው ብቻ ቢመጣ፣ መንፈሱ ካልተከተለው መጣ አይባልም። ከቤተሰቡ አንዱ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ እስከ ወደቀበት ቦታ ድረስ ይሄዳል፣ በስሙ ይጠራዋል፣ መንገዱን ሁሉ እያናገረ ወደ ቤቱ ያመጣዋል። ቅርንጫፉን የያዘው ሰው ከሟቹ በስተቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ከተነጋገረ ሟቹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ማምቹኑ ያኔ የስምንት ወር እርጉዝ ስለነበረች አባቴ ሄደ። ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘበኞች ከበር መለሱት። "እንግዳ ካልሆኑ አይገቡም" ነው ያሉት። ለሦስተኛው እየተዘጋጀ ሳለ እሱም ሞተ። በኋላ ማምቹኑ ስልክ ደወለች፤ ኢሜይል ላኪ አሏት። ልጇ ንዱሚሶ ጽፎ ላከላት፤ የመጣው መልስ የመኝታ ክፍል ዋጋ ዝርዝር ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ሦስት ዓመት ሞላ።

ዘንድሮ ንዱሚሶ ሊያገባ ነው። አባቱን አይቶት አያውቅም። ሙሽራ ስትገባ በቤተሰቡ ጎጆ ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ ባለው ጥግ ተቆሞ ለሟች አባት ይነገራል። ታዲያ አባትየው ባሕር ዳር ቀርቶ ለማን ይነገር? ማምቹኑን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነበር። "ልጄ ለባዶ ግድግዳ ነው የሚያወራው?" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ደንዲ ከተማ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ስሟን በወረቀት ጽፋ አንድ የዕጣ ሳጥን ውስጥ ጣለች። ሁሉም ሲጥል አይታ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ልጅ ደወለችላት። "እንኳን ደስ አለዎት! ሦስት ሌሊት ባሕር ዳር፣ በሲሶ ዋጋ! ግዴታዎ አንድ ብቻ ነው፤ ዘጠና ደቂቃ ቁጭ ብለው ስለ ዕረፍት ክበባችን ገለጻ መስማት።" በየዓመቱ አንድ አንድ ሳምንት ክፍል የመጠቀም መብት የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ የመዝናኛውን ስም ስትናገር ማምቹኑ የያዘችውን ጭልፋ አስቀምጣ ተቀመጠች።

"ባለትዳር ነዎት?" አለቻት ልጅቷ።

"ነኝ።"

"ባልና ሚስት አንድ ላይ መገኘት አለባችሁ። ያለዚያ ሙሉውን ዋጋ ነው የምናስከፍላችሁ... ማለቴ የምትከፍሉት።"

"ገለጻው ላይ ባሌ ይገኛል። ወንድሙም አብሮን ይመጣል" አለቻት።

ይህን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። "ዋሸሻት እኮ!" አልኳት።

"ምኑን ዋሸሁ? ከሁላችንም ቀድሞ እዚያ ያለው እሱ አይደል እንዴ?"

እኔን የወሰደችኝ አፍ እንድሆናት ነው። እሷ ቅርንጫፉን ከያዘች በኋላ ትኬት የሚቆርጥ፣ ዘበኛ የሚያናግር ሰው ያስፈልጋል። ከእኔ የተሻለ አላገኘችም እንጂ ለዚህ ነገር የምታመን አይደለሁም። ሻጭ አይቼ አላልፍም። ሦስት የቀብር መድን ያለኝ አንድ ሰው ነኝ።

ዓርብ ከሰዓት ደረስን። አባቴን የመለሰው በር ያለምንም ጥያቄ ተከፈተልን፤ እንዲያውም ጭማቂ በብርጭቆ ሰጡን። ማምቹኑ አልጠጣችም። ገለጻው እሑድ ጠዋት ነበር፤ እኛ ደግሞ ገለጻውን ሰምተን ስናበቃ ሰኞ ሲነጋ ልናነሳው ነበር ሐሳባችን። ባሕሩን ካየች በኋላ ግን ማምቹኑ መታገሥ አቃታት። "እዚህ መሆኔን እያወቀ እንዴት ሦስት ቀን አስጠብቀዋለሁ? ነገ ሲነጋ አነሳዋለሁ፤ ታክሲ ላይ አሳፍረኸን፣ አንተ እሑድ ገለጻህን ሰምተህ ትከተለናለህ" አለችኝ። ባልና ሚስቱ የት ናቸው ቢሉኝ ምን እንደምመልስ አላሰብኩም፤ እሺ አልኳት።

ቅዳሜ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ ወረድን። አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ቦታውን ነግሮን ነበር፤ ሁለተኛው እርከን፣ ባሕሩን የሚያየው ማዕዘን። አሁን እዚያ ለዋናተኞች ፎጣ የሚታደልበት ዳስ ቆሟል። ማምቹኑ ጫማዋን አውልቃ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች፤ ቅርንጫፉን መሬት አስነካችው።

"ጆቤ፣ ሞንዲሴ" ብላ በጎሳው ስም ጠራችው። "የንዱሚሶ አባት፣ እኔ ማምቹኑ ነኝ። ዘግይቼብሃለሁ። ይህ ያንተ ቦታ አይደለም፤ ተነስ፣ ቤታችን እንሂድ።"

አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ግን አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ፀሐይ ወጥታ እስክትሞቅ ድረስ እዚያው ሆና አናገረችው። ተነስታ ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ጀመረች። "ደረጃ ነው" ስትለው ሰማሁ፤ "ቀስ ብለህ ርገጥ።"

ከክፍላችን ሻንጣዋን ላወጣላት ስል አንዲት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ በሩ ላይ ጠበቀችን። "አባባ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ገለጻችሁ አዳራሹ ውስጥ ነው።"

"የእኛ ነገ ነው" አልኳት።

"ወደ ዛሬ ተዛውሯል ብዬ ትናንት ነግሬዎት ፈረሙ እኮ!"

ወረቀቱን አሳየችኝ፤ ፊርማዬ ነው። ስፈርም ዓይኔ የት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ የባሕር ዓሣ የተደረደረበት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ካልገባን ሙሉውን ዋጋ ከፍለን ነው የምንወጣው፤ በእጃችን ያለው ግን የመሳፈሪያ ብቻ ነው። ቬላፊን ደግሞ አንዴ ካነሱት በኋላ እንደ ሻንጣ ክፍል ውስጥ አኑረውት አይሄዱም።

ማምቹኑ አየችኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሳውቃት እንዲያ ያለ ስድብ ሰድባኝ አታውቅም፤ ያውም ያለ ቃል። ከዚያ ወደ ቅርንጫፉ ዞረች። "የንዱሚሶ አባት፣ ወንድምህ እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈርሟል። ጥቂት እንቆያለን፤ አንተም አብረኸን ግባ፣ አትቆጣ።"

አዳራሹ በፊኛ አጊጧል። በየጠረጴዛው ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፣ በየጠረጴዛው አንድ ሻጭ ያወራል። ሰው በገዛ ቁጥር ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። እኛ የደረሰን ጠረጴዛ ሦስት ወንበር ነበረው። ማምቹኑ መካከለኛውን ሳብ አድርጋ "እዚህ ተቀመጥ" አለችው፤ እኔና እሷ ከግራና ከቀኝ ተቀመጥን።

ወዲያው ሳኔሌ የሚባል ሽቅርቅር ያለ ጎልማሳ ሻጭ እየሳቀ መጣና ዘፍ ብሎ ያንኑ ወንበር ሊቀመጥበት ሲል ማምቹኑ ብድግ አለች።

"ልጄ፣ ተይዟል" አልኩት።

"በማን አባባ? በመልአክ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ቅርንጫፉ ላይ አረፈ። ሳቁ ጠፋ። የያዘውን ቅጽ አየ፤ ሲቶሌ ይላል። ጎንበስ ብሎ ወደ ወንበሩ፣ "ይቅር ይበሉኝ ጆቤ፤ አላወቅኩም" አለ። ሌላ ወንበር አመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔም አምና ታላቄን ከጆሃንስበርግ አምጥቻለሁ" አለኝ። "ግን አለቃዬ እያየችኝ ነው፤ ዘጠና ደቂቃው ካልሞላ ቅጹን አትፈርምላችሁም። ልናገር፤ እናንተ አትስሙኝ።"

ተናገረ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንዲሉ፣ ልማድ ሆኖበት ነው መሰለኝ እየቆየ ሞቅ አለው። በፎቶ ተራራ አሳየን፣ ፏፏቴ አሳየን፣ በነጥብ የሚገዛ ሳምንት አሳየን። "እማማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያረፉት መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀና ራሱ ደንግጦ አፉን ያዘ። እነዚህ ሰዎች እምቢ ላለ ሁሉ መልስ አላቸው፤ ውድ ነው ለሚል፣ ላስብበት ለሚል፣ ሁሉም ተጽፎላቸዋል። ዝም ላለ ሰው ግን አልተጻፈላቸውም። ዝም አይነቅዝም ያሉት አባቶች እውነታቸውን ነው።

የምነቅዘውስ እኔ ነበርኩ። ፏፏቴው አጠገብ ያለችውን ቤት ሳይ፣ በየዓመቱ አንድ ሳምንት ብቻዬን እግሬን ዘርግቼ ታየኝና እስክሪብቶውን አነሳሁ። ማምቹኑ ወደ ወንበሩ ዘንበል አለች። "የንዱሚሶ አባት፣ የወንድምህን እጅ ያዝልኝ።" እስክሪብቶውን እንደ ፍም ጣልኩት።

ዘጠናው ደቂቃ ሲሞላ አለቃዋ መጣች፤ ፕሬቶሪየስ የምትባል ጸጉረ ብርማ ነጭ ሴት ናት። ቅጹን አገላበጠች። "ባለቤታቸው እኚህ ሰውዬ ናቸው?" ስትል በእንግሊዝኛ ሳኔሌን ጠየቀችው።

"ወንድማቸው ናቸው።"

"ባልየውስ? ሕጉ ግልጽ ነው። ባል ካልተገኘ ሙሉ ክፍያ ነው። ወይም ዛሬ ከገዙ ክፍያው ይነሳላቸዋል።" ፊቷን ወደ ማምቹኑ መለሰች። "እማማ፣ ባለቤትዎ የት ናቸው?"

ማምቹኑ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ልትናገራት ነው አልኩ፤ አንድ ቃል ብትመልስላት ሃያ ሦስት ዓመት ገደል መግባቱ ነው። እሷ ግን ወደ ባዶው ወንበር ዞረች።

"ቬላፊ ሲቶሌ" አለች። በሕይወት ሳለ አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ በእኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። "ቬላፊ፣ ይቺ ሴትዮ መጥተሃል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ይህን ግድግዳ የለሰንከው አንተ መሆንህን አታውቅም። አባትህ በሩ ላይ ቆሞ መመለሱንም አታውቅም። አንተ ስትወድቅ ስምህን የጻፈ ሰው አልነበረም፤ 'አንድ ሠራተኛ' ነው ያሉን። ዛሬ ስምህ ወረቀቷ ላይ ጎድሎባታል። እኔ ቤት ውስጥ የጎደልክብኝን ግን ማን ይጻፈው? ልጅህን ብቻዬን ወለድኩት፣ ብቻዬን ለትዳር አደረስኩት። ተቀመጥ ግዴለህም። እኔ አንተን የጠበቅኩትን ያህል እሷ አታስጠብቀንም።"

ሳኔሌ እየተከታተለ ተረጎመላት። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ ሻጮቻቸውን ትተው ወደ እኛ ዞረዋል። ሴትዮዋ ወንበሩን አየችው። ከዚያ ቅጹን ለሳኔሌ ገፋ አደረገችለትና አንድ ነገር አለችው። እሱም ባል በሚለው መስመር ላይ በትልልቁ ቬላፊ ሲቶሌ ብሎ ጻፈ፤ ተገኝቷል በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። እሷ ከሥሩ ፈረመች። አዝና ነው ወይስ ገዢዎቿ መስማት ስላቆሙባት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለማንኛውም እግዜር ይስጣት።

ታክሲ ውስጥ ለሦስት መቀመጫ ከፈልኩ። ማምቹኑ መንገዱን ሁሉ ስትነግረው ዋለች፤ ይህ ደርባን ነው፣ ይህ የቱጌላ ወንዝ ነው፣ ድልድዩን አዲስ ሠርተውታል እያለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤት ደረስን። ጎጆ ገብታ ቅርንጫፉን ከበሩ ትይዩ ጥግ አስቀመጠችው። "ደርሰናል፤ ቤትህ ነው" አለችው። ንዱሚሶ ውጭ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

እንግዲህ መናገር ትችላለች። አዙራ አየችኝ፤ ስለ ፊርማዬ ልትወርድብኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"ሙዚ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ገና ወጣት ነው እኮ።"

"ማን?"

"እሱ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔን እየኝ እስቲ፤ ጥርሴ ወልቋል፣ ጸጉሬ ሸብቷል። ቀኑን ሙሉ ሳወራው ነው የታወሰኝ። አንዲት አሮጊት ከቦታው አንስታ የምትወስደው መስሎት ይሆን የመጣው?"

"ያውቅሻል" አልኳት።

"በምኔ?"

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ማምቹኑ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ለባሏ፣ ልክ ዛሬ እንደሞተ፣ ማልቀስ የጀመረችው።