በድምፅ ብልጫ የተመረጠ ካምቢዮ

ሰውየው ጥሩ ሰው ነበር። ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር።

እኔ ላስቴ ነኝ። የተወለድሁት ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ ባለው ገደላማ አገር ነው፤ ዋድላ የገባሁት በጋብቻ ነው። በሚስቴ ወገን የደረሰን መሬት ከኮን ከተማ አለፍ ብሎ ካለው ሰፊ ሜዳ ዳር ነበር። መሬቱ ጥሩ፣ በሬዬ ግን አንድ ብቻ። ሰውየው ጎረቤቴ ነው፤ እሱም በሬው አንድ ነበር። ስለዚህ መቀናጆ ሆንን፤ በሬዎቻችንን ባንድ ቀንበር እየጠመድን አንድ ቀን የሱን፣ አንድ ቀን የኔን እናርሳለን። የሱ በሬ ከኔው ይበልጥ ነበር። የኔው ሲለግም አገር ያየዋል፤ እሱ ግን አይቶ እንዳላየ ይሆንና ለሰው ሲያወራ «በሬዎቻችን» እያለ ሁለቱንም እኩል ያወድሳል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጎን ዕድሜውን ቆሞ ያላሳለፈ ሰው ይህን የምጽፈውን ባያነበው ይሻለዋል፤ አይገባውም።

መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ጢሜን ይዤ ፊደል ልቆጥር ከልጆች ጋር ተቀመጥሁ። እሱ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት የደገመ ነውና ከከተማ የመጣው አስተማሪ ረዳት አደረገው። የኔን ጣት ይዞ «ሀ»ን ያስጻፈኝ እሱ ነው። ጣቴ የእርፍ እንጂ የእርሳስ አልነበረችምና ሲያስጨንቀኝ፣ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ማንም አያባርርህም» ይለኛል። የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ቤት ውስጥ አንብቤ ስጨርስ ሚስቴ «እግዜር ይስጠው» አለች። ለሱ ነው ያለችው።

ከዚያ የአምራቾች ማኅበር ተቋቋመና መሬቱም በሬዎቹም የማኅበሩ ሆኑ። ሰው ሁሉ አዘነ። እኔ ግን በሆዴ ደስ አለኝ፤ አሁን የማን በሬ ከማን ይበልጣል የሚባል ነገር ቀረ ብዬ። ብዙ አልቆየም፤ ትራክተር መጣ። መንዳት እንዲማሩ ሁለት ሰዎች ከማኅበሩ ይመረጡ ተባለ። እሱ ተመረጠ። እኔም ተመረጥሁ፤ ያስመረጠኝ ግን እሱ መሆኑን በኋላ ሰማሁ።

ሥልጠናው ላይ ግን እውነቱን ልናገር፤ እበልጠው ነበር። መሪው እጄ ውስጥ ሲገባ፣ ያ ሁሉ ብረት በኔ ጣት ሲታዘዝ፣ ሰው መሆን እንዲህ ነው እንዴ አልሁ። አሠልጣኙ ሳይቀር «አንተ ከወንበሩ ጋር ተወልደሃል» ብሎኛል። ፊደል ላይ ረዳት የለ፣ በሬ ላይ ትልቅ ትንሽ የለ፤ በሕይወቴ የኔ የምለው ነገር ያን ጊዜ አገኘሁ። ችግሩ ትራክተሩ አንድ፣ ወንበሩም አንድ መሆኑ ነው። ሊቀ መንበሩ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ስንመለስ ጠበቀን።

ከትራክተሩ ጋር የሣር ማጨጃም ሰጥተውን ነበር። ከኋላ የሚጎተት ነው። ከሥሩ እንደ ምጣድ አክንባሎ የከበቡ ሁለት ብረቶች አሉት፤ በየብረቱ ጠርዝ ቢላ ታስሯል፤ እየተሽከረከሩ ሣሩን ይቀነጥሱታል። ከትራክተሩ ጀርባ የሚዞረውን ዘንግ ጉልበት ተቀብሎ ለሁለቱ ቢላዎች የሚያካፍለው ካምቢዮ ግን ወደኛ ሳይመጣ በፊት፣ ሌላ ቦታ ሲሠራ ድንጋይ መትቶ ጥርሱ ረግፏል። ያለ ካምቢዮ ማጨጃው የዶሮ ቆጥ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ሜዳው በሣር ተውጧል።

«እናንተ ሁለታችሁ ጨዋዎች ናችሁ» አለ ሊቀ መንበሩ። «እኔ መሀል አልገባም። ማጨጃውን ሥራ ያስጀመረ ቁልፉን ይውሰድ።»

ኮን ያለው የእርሻ መሥሪያ ቤት መጋዘን ሄድን። ከተሰባበሩ ማሽኖች የተፈቱ ሁለት ካምቢዮዎች አሉ። መጋዘን ጠባቂው፣ «አንዱን ውሰዱ። ሌላው ለሌላ ማኅበር ነው። ወስዳችሁ ልመልስ ብትሉ አላውቃችሁም» አለን። ሁለቱም እኩል ከባድ ናቸው፤ የተጻፈባቸው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ዳዊት የደገመውም እኔም እኩል ታወርን። ይህን ሳይ ትንሽ ቀለል አለኝ።

እኔ ከላይ ያለውን ዘንግ በእጄ አዞርሁት። ከታች ባሉት ሁለት ጫፎች ላይ ጭራሮ አስሬ መሬት ላይ ተኝቼ አየሁ። የአንደኛው ካምቢዮ ጫፎች እርስ በርስ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። የሌላው ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ነው። ነገሩ ወዲያው ታየኝ። ወደ ውስጥ የሚዞሩት ሣሩን ከግራና ከቀኝ ሰብስበው መሀል ላይ በአንድ ረድፍ ያስተኙታል። ወደ አንድ ወገን ከዞሩ ግን አንዱ ቆርጦ የወረወረውን ሌላው መልሶ ይፈጨዋል፤ ካምቢዮውም ሁለቴ ይሠራል፤ ይግላል።

«ይኼኛው ነው» አልሁ።

እሱ ቁጢጥ ብሎ ጭራሮዎቹን ሲያይ ቆየ። «እኔን ያኛው ነበር ደስ ያለኝ» አለ፣ ወደ አንድ ወገን የሚዞረውን እያሳየ። «እነዚህ ይጋጫሉ ብዬ እፈራለሁ። ግን አንተም ያየኸው ነገር አለ። ለማኅበሩ ብናቀርበውስ?»

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በስብሰባ ነበር። የዘር ቀን በስብሰባ፣ የበግ ሽያጭ በስብሰባ። ካምቢዮም በስብሰባ ሆነ። በገበያ ቀን ሁለቱን ብረቶች ከመጋዘኑ ደጃፍ አስቀመጥን፤ አባላቱ ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ሊቀ መንበሩ «አጀንዳችን ካምቢዮ ነው» ብሎ ከፈተ።

እኔ ተነሥቼ እንዲህ ነው እንዲያ ነው አልሁ። ጭራሮዬን አሳየሁ። አንድ ሽማግሌ ቄስ አሉ፣ የማኅበሩ አባል ናቸው፣ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ሲሰሙኝ ቆዩና፣

«ልጄ» አሉ፣ «አውድማ ላይ በሬ ተቃርኖ ሲዞር አይተህ ታውቃለህ?»

«በሬ አይደለም እኮ አባ፣ ብረት ነው።»

«ብረቱን ማን ያዞረዋል?»

«ትራክተር ነዋ።»

«ትራክተሩ የመጣው የማንን ሥራ ሊሠራ ነው?»

«የበሬን።»

«በል እንግዲህ።»

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ «የላስታ አውድማ ገደል ላይ ስለሆነ ይሆናል፤ አንዱ በሬ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል» አለ። ይኼ ደግሞ የበለጠ አሳቀ። በሬ ሲያበራይ ተጎራብቶ ወደ አንድ ወገን ነው የሚዞረው፤ እነሱ ከዚያ ሌላ ዙር አያውቁም፤ ያላወቁትን ደግሞ ባርከው አይቀበሉም። ላሊበላን! አንዱም ጎንበስ ብሎ ጭራሮውን አላየም።

እሱ ተነሣ። ባይነሣ ምን ነበረበት? «ወንድሜ ያለው ውሸት አይደለም» አለ። «ከኔ ይልቅ እሱ መርምሮታል። እኔ ግን እንደ አባታችን ነው ያሰብሁት፤ ከተሳሳትሁ እሱ ያርመኛል።» ሰው በአድናቆት አጉረመረመ። እኔን ደግፎ እኔን አሸነፈኝ፤ ይህን የመሰለ ሙግት የትኛው ዳኛ ይፈታዋል?

ድምፅ ተሰጠ። ወደ አንድ ወገን ለሚዞረው እጅ እንደ ማሽላ ቆመ፤ አማቴ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ለኔው ካምቢዮ የወጣው እጅ የራሴ ብቻ ነበር። እሱንም ሊቀ መንበሩ ጥያቄ ያለኝ መስሎት «በኋላ» አለኝ።

ካምቢዮው በድምፅ ብልጫ ተመረጠ። መኪና ስላልነበረ፣ የትራክተሩም ቁልፍ ከሊቀ መንበሩ ኪስ ስላልወጣ፣ በሽተኛ በምንሸከምበት ቃሬዛ ላይ አስረን፣ አቧራ እንዳይገባበት ጋቢ አልብሰን አነሣነው። ከፊት እሱና እኔ፣ ከኋላ ሁለት ጎረምሶች። መንገድ ላይ ከገበያ የምትመለስ ሴትዮ አየችንና የተሸከመችውን አውርዳ ነጠላዋን ታጠቀች።

«ወይኔ፣ ማን ነው?» አለች።

«ሣር አጫጅ ነው እናቴ» አላት እሱ።

«ምን አገኘው?»

«ድንጋይ።»

«ነፍሱን ይማር፤ ልጆች አሉት?»

እሱ ሊያስረዳት ቢሞክርም ሳቁ አላስቻለው፤ ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ። ጎረምሶቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የምሸከመው ያልመረጥሁትን ነው፤ ክብደቱ ደግሞ በኔ ትከሻ በኩል አዘንብሏል።

ማጨጃው ላይ ያሰርነው አብረን ነው። ብሎኑን ያጠበቅሁት እኔ፣ ዘይቱን የሞላሁት እኔ። የመጀመሪያ ቀን ግን ስለ አሸናፊነቱ እሱ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ማኅበርተኛው ሜዳው ዳር ተሰለፈ። እኔ አሁን ይዋረዳል ብዬ ከበስተኋላ ቆሜያለሁ። ዘንጉን አገናኘው፤ ቢላዎቹ ጮኹ።

ያልሁት ሁሉ ሆነ። ሣሩ መሀል ላይ አልተኛም፤ እየተፈጨ በአንድ ጎን እንደ እብቅ ተበተነ። «አያችሁ? ነዶ ሊታሰር አይችልም እኮ» አልሁ።

«ምን ነዶ ያስፈልጋል?» አለች ጎኔ የቆመች ሴት። «በጆንያ ጠቅጥቀን እንይዘዋለን። ለከብቱ የደቀቀ ነው የሚሻለው፤ አገዳ አይተርፍም።»

በሬዎቹን አመጡ። በሉ። የኔ የነበረው በሬ፣ ያ ለጋሚ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በላ።

ካምቢዮውም እንዳልሁት ጋለ። ምራቅ እንትፍ ቢሉበት ቸስ ይላል። እሱ ግን ትራክተሩን ያቆምና «ይረፍ» ይላል፤ ሰዉም ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ ይጫወታል። በመጨረሻ ዕረፍቱንም ወደዱለት፤ ለሠራተኛ አሳቢ ነው ተባለ። ሊቀ መንበሩ በጭብጨባ ቁልፉን ሰጠው። ያልሁት አንድም ሳይቀር ሆኖ ወንበሩ የሱ ሆነ።

ለኔ የተሰጠኝ ሥራ ድንጋይ መልቀም ነው። ሜዳው ሣር የዋጠው ድንጋይ አለበት፤ ቢላው ከመታው ካምቢዮው እንደ ቀድሞው ይረግፋል። ስለዚህ ከትራክተሩ ፊት ፊት እየሄድሁ በእግሬ እየዳበስሁ አነሣለሁ። የኔ ዓይነት ለቃሚ በዚያ አገር አልታየም። ጡጫ የምታህል ጠጠር አላመለጠችኝም። ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ ለማኅበሩ ንብረት ያለኝን ተቆርቋሪነት አወደሰ።

ምክንያቴን ማንም አልጠየቀኝም፤ አሁን ልንገር። ካምቢዮው በድንጋይ ቢሰበር ድንጋይ ሰበረው ይባልና ይቀራል። እኔ የምፈልገው በገዛ ዙሩ እንዲሰበር ነበር። ንጹሕ ሜዳ ላይ፣ ድንጋይ በሌለበት፣ ቄሱም አማቴም ቆመው እያዩ። ስለዚህ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅሁት። ጥቅምት አልቆ ኅዳር ገባ፤ ጀርባዬን ይዞ የሚከተለኝን ጩኸት ጆሮዬን ቀስሬ እሰማለሁ፤ ትንሽ ሲንቋቋ ልቤ ይዘላል። አይሰበርም። ሊሰበር ሲል ያቆመውና ያሳርፈዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጩኸቱ ቆመ። ደረሰ ብዬ ዞርሁ። ምንም አልሆነም፤ እሱ ወርዶ ወደኔ ይመጣል።

«ና ውጣ» አለኝ። «አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ።»

«ሊቀ መንበሩስ?»

«ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል።»

ወንበሩን አየሁት። ሞተሩ አልጠፋም፤ ወንበሩ ባዶውን ይንቀጠቀጣል። እጄ መሪውን እንደጨበጠ ያህል ሞቀኝ።

«ድንጋዩን ማን ይለቅማል?» አልሁት።

«እኔ ነኛ።»

በቃ፣ እዚያ ላይ ጨረሰኝ። እኔ ተቀምጬ እሱ ጎንበስ ቀና ሲል አገሩ የሚለው ገና ሳይባል ተሰማኝ። ሾፌሩ ወርዶ ድንጋይ ለቀመ፣ አቤት ትሕትና፤ ያኛው ላስቴ ግን ወጣበት። ወንበሩ ላይ ብቀመጥም የሚታየው እሱ ነው።

«ተወው» አልሁ። «ወገቤን ያመኛል፤ መንቀጥቀጡን አልችለውም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቆየ።»

«ታዲያ ጎንበስ ቀና እያልህ ድንጋይ ትለቅማለህ?»

«እሱ ያፍታታኛል።»

ፊቱን አጨማደደ፤ ከልቡ አዘነ። ተመልሶ ወጣ፤ ቢላዎቹ ጮኹ፤ እኔም ፊት ፊቱን ሄድሁ። በሳምንቱ የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ ሁለተኛ ሾፌር ተብሎ ተሾመ። ፍሬን ከነዳጅ አይለይም። በሱ ግን ቅንጣት አልቀናሁም።

የዚያን ዕለት ማታ ቤት ስገባ ሚስቴ ቅቤ በቅል ይዛ እሳት ዳር ጠበቀችኝ። እሱ ልኮልኝ ነው፤ ወገቡን እሺበት ብሎ። ከአንዲት ላሙ የተናጠ ነው፤ ልጆቹ ሳይቀምሱት።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አለች። «ሰው እያወቀልህ እኔ ሚስትህ ልስማ?»

ሸማዬን ገልጬ በሆዴ ተኛሁ። ቅቤውን እያሞቀች ታሸኝ ጀመር፤ እጇ ጠንካራ ነው።

«እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል» አለች። «እዚህ ጋ ነው የሚያምህ?»

«ወደ ታች» አልኋት።