ሰካራሟ ድንጋይ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሽንኩርት ሊከትፍ ተነሥቶ ቢላዋው ዶልዱሞ አስቸገረው። «አዲስ እንግዛ» ሲለኝ ከመደርደሪያው ሥር ቡጢ የምታህል ቢጫ ድንጋይ አወጣሁና ውሃ ጠብ አደረግሁባት። ውሃው ወዲያው ጠፋ። «የት ሄደ?» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ አያ ሲሳይም ያን ጊዜ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ከአንድ የነዳጅ ፍለጋ ቡድን ጋር በሙከራ ተቀጥሬ ዋግ ኽምራ ተላክሁ። ድፍድፉ ዘይት የሚፈለገው ጥልቅ ምድር ውስጥ በተቀበረ አሸዋ ድንጋይ ነው። ወደ ተከዜ ሲወረድ ግን ወንዙ ተራራውን ስለቆረጠው፣ ያው ድንጋይ ከላዩ ከተጫነው ጥቁር ድንጋይ ሥር ብቅ ይላል። አለቃዬ ሰቆጣ ሆኖ «ከዚያ ናሙና አምጪ፤ ቅጥርሽ የሚጸናው በዚህ ነው» አለኝ።

አያ ሲሳይ ከጽጽቃ የተከራየኋቸው በቅሎ ጫኝ ናቸው። ለእኔ በአማርኛ፣ ለበቅሏቸው ለቦራ በኽምጣንኛ ያወራሉ፤ ረጅሙ ወሬ የቦራ ነበር። ወሩ መስከረም ነው፤ ቁልቁለቱ ሁሉ አደይ ለብሷል። ሲርበን በሶ በነጭ ማር እንበጠብጣለን። ያን የመሰለ ማር ከዚያ ወዲህ ቀምሼ አላውቅም፤ ወይም ያን የመሰለ ረሃብ።

ድንጋይ ዘይት ይጠጣል ስላቸው ሳቁብኝ። ውሃ ጠብ አድርጌ ባሳያቸው ግን ነገሩ ጣማቸውና ያነሣነውን ሁሉ ማጠጣት ጀመሩ። ከአንድ ሾላ ሥር የሰበርናት እፍኝ ውሃ ጭልጥ ስታደርግ «ይቺስ ሰካራም ናት!» አሉ።

በሦስተኛው ቀን አሥራ ስድስት ናሙና በየከረጢቱ ቦራ ላይ ጭነን ስንመለስ አቀበቱ ግርጌ «አንቺ በአቋራጩ ውጪ፤ ቦራ በዙሪያው ትምጣ» አሉኝ። ጽጽቃ ደርሼ ከረጢቶቹን ስፈታ አሥራ ስድስቱም ውስጥ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው።

«አያ ሲሳይ! ምን አደረጉ?»

«ቦራ አቀበቱ መሐል ቆማ አየችኝ፤ አሳዘነችኝ። መንግሥት የፈለገው ድንጋይ ከሆነ እዚህስ ሞልቶ የለም? ያንን አፍስሼ ከአፋፉ ሞላሁልሽ። ደግሞ እየመረጥሁ!»

«ድንጋዮቹን ውሃ ሳጠጣቸው አላዩኝም?»

«ለጨዋታ መስሎኝ ነዋ፣ ልጄ።»

አለቀስሁ። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ እኔ ደግሞ ቁጥሩን ከረጢቱ ላይ እንጂ ድንጋዩ ላይ አልጻፍሁም። የትኛው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ድንጋዩ ቢገኝም ዋጋ የለውም። አለቃዬ ደግሞ በማግስቱ ከሰዓት ይመጣል።

ማልደን ወረድን። ክምሩ እንደፈሰሰ አለ። ማስታወሻዬን ገልጬ «ከጅረቱ አፍ ያነሣነው?» ስላቸው አያ ሲሳይ ሳያመነቱ አንዱን አነሡ። ከጻፍሁት ጋር ባስተያይ ቀለሙም የአሸዋው ቅንጣትም ልክ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት መንታ የመሰሉ ቀሩ። ከቅላቸው ውሃ ጠብ ጠብ አደረጉና «ሰካራሟ ይቺውና!» አሉ። እጃቸውን ሳምሁ። ሽቅብ ስንመለስ ግማሹን ከረጢት በጋቢያቸው ቋጥረው ራሳቸው ተሸከሙ፤ ቦራን ሁለት ጊዜ ማስቀየም አልፈለጉም።

ለአለቃዬ አንድም ሳልደብቅ ነገርሁት። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከማስታወሻዬ ጋር አመሳከረና «ከእንግዲህ ድንጋዩም ላይ ጻፊ» ብቻ አለኝ። ቅጥሬም ጸና። ከወራት በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ፈሳሽ በመያዝ ከሁሉ የበለጠች ያቺው ሰካራሟ ሆነች፤ የዘይት ምልክት ግን በአንዳቸውም አልተገኘም። «ጋኑ ደህና ነው፤ ጠላው የለም» አለ አለቃዬ። በጽጽቃ ሳልፍ ይህንኑ ለአያ ሲሳይ ብነግራቸው፣

«ድሮስ ሰካራም ቤት ጠላ ያድራል?» አሉኝ።

ልጄ ቢላዋውን ስሎ ሽንኩርቱን ጨረሰ። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ድንጋይ ሰብስቤአለሁ፤ ሁሉም ላይ ቁጥር ጽፌአለሁ። ከላቦራቶሪ የተረፈችው ይቺ ቁራጭ ብቻ ቁጥር የላትም። አያ ሲሳይ ያወጡላት ስም ይበቃታል።