ቀድሞ የጠራ ታናሽ ነው

ያ ኮረብታ ስም አልነበረውም። እኛ ራሰ በራው እንለው ነበር፤ ከድንጋይና ከደረቀ ሣር በቀር ምንም የለበትም። ወገቡ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ አለ። ራሰ በራውን የያዝነው እኛ፣ የሻምበል ዘለቀ ጦር ነን። ከሸለቆው ማዶ ያለውን ኮረብታ የሻምበል ተሾመ ጦር ይዟል።

እኔ ሬዲዮ ያዥ ነበርኩ። ከሞጣ የዘመትኩት ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነው። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ሬዲዮውን የሰጡኝም «ስመኝ ከራሷ አትጨምርም» ብለው ይመስለኛል።

አንድ ጧት የሁለታችንም የበላይ አዛዥ ቆስለው በቃሬዛ ወረዱ። የበላይ ሬዲዮም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያዛል? ሁለቱ ሻምበሎች ማዕረጋቸው እኩል ነው፤ የተሾሙትም በአንድ ቀን ነው። ሻምበል ዘለቀ ክፉ ሰው አልነበሩም። ውሃ ሲመጣ መጨረሻ የሚጠጡት እሳቸው ናቸው። ግን «ማዶን ልጥራቸው?» ስላቸው፣

«ቀድሞ የጠራ ታናሽ ነው። እሱ ይጥራን» አሉ።

ማዶም እንዲሁ ይባል እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

አስር አለቃ ይሁኔ ከመዝመቱ በፊት ቢቸና የታሪክ መምህር ነበር። ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ።

«አንቺ የሞጣ ልጅ፣ ሬዲዮውን የአገርሽን ማር አፍስሰሽበት ነው የተዘጋው?»

«የቢቸናን ሰው አፍ በምን እንደምዘጋው ነው የቸገረኝ፣ መምህር።»

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሮም ልትወድቅ ስትል ንጉሧ ሕፃን ነበር። ሁለት የጦር አለቆች በእሱ ስም ለማዘዝ ይሻኮቱ ነበር። እነሱ ሲጠባበቁ ጠላት ባሕር ተሻግሮ እህላቸው የሚመጣበትን አገር ያዘ። እነሱ ግን እርስ በርስ ተዋጉ።»

«ማን አሸነፈ?»

«ያሸነፈው በቁስሉ ሞተ። የተሸነፈው ሥልጣኑን ወሰደ። የሄደው አገር ግን አልተመለሰም።»

ሻምበል ዘለቀ ሰምተዋል። «መምህር፣ ይህን ለተማሪዎችህ አቆይላቸው» አሉ። አልተቆጡም። ሬዲዮውን ግን አላነሱም። ይሁኔ ወደ ምሽጉ፣ ወደ ግራ ጥግ ሄደ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመታን። መድፍ ቀደመ። ከዚያ እግረኛው በግራ ጥግ በኩል መጣ። ገፋነው። ተመልሶ መጣ። ጥይት እያለቀብን ሄደ። የማዶው መትረየስ ግራ ጥጉን ጠርጎ መያዝ ይችል ነበር። ነገር ግን ከዚያ ርቀት የቱ ወገን፣ የቱ ጠላት እንደሆነ አይለዩም። ካልነገርናቸው አይተኩሱም።

ከግራ ጥጉ የይሁኔን ድምፅ ሰማሁ። «ስመኝ፣ ኧረ ጥሪያቸው።»

ሻምበሉን አየኋቸው። ሬዲዮውን ያዩታል፤ እጃቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። መነጋገሪያውን ተጫንኩ። በሬዲዮ የማዶው መጠሪያ ጥድ፣ የእኛ ዋርካ ነው።

«ጥድ፣ ጥድ፣ ዋርካ ነኝ። ከነጩ ድንጋይ በታች ያለው ሁሉ ጠላት ነው። እኛ ከድንጋዩ በላይ ነን። እባካችሁ ተኩሱ።»

የመለሱልኝ ሻምበል ተሾመ ራሳቸው ናቸው። «ማን ነው ያዘዘሽ?»

ሻምበል ዘለቀ መነጋገሪያውን ከእጄ ወሰዱ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አሉ። «ተሾመ፣ ወንድሜ፣ ታናሽህ ነኝ። ተኩስ።»

መትረየሱ ጮኸ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠላት አፈገፈገ። ኮረብታው አልተለቀቀም።

ሙታናችንን ከነጩ ድንጋይ አጠገብ ሰበሰብናቸው። አስራ አንድ ነበሩ። ስምንቱ የግራ ጥጉ ናቸው፤ ይሁኔም ከእነሱ አንዱ ነው። ሻምበል ተሾመ ሸለቆውን ተሻግረው መጡ። ማን ቀድሞ ሰላም እንዳለ አላየሁም። የይሁኔን ቃሬዛ ሁለቱ ሻምበሎች አነሱት፤ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ።

ዛሬ ሞጣ ነኝ። የሰፈራችን ልጆች «እዚያ ማን ጀግና ነበር?» ይሉኛል። ስለ ይሁኔ እነግራቸዋለሁ። ጧት ተጠራርተን ቢሆን ስንቱ ይተርፍ እንደነበር ግን አላውቅም፤ ስለማላውቅም አልናገርም።

ሻምበል ዘለቀ በየበዓሉ ይደውሉልኛል። ታናሿ እኔ ነኝ፤ መደወል ያለብኝም እኔ ነኝ። በማለዳ ተነሥቼ ልደውል ስል ስልኩ ይጮሃል። እስካሁን አንድም ጊዜ ቀድሜያቸው አላውቅም።