ያለ ሹፌር መኪና የፈለጉት እናት

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው... ሚሊኒየሙ ካለፈ ብዙም አልቆየም፣ ኤርፖርት በር ላይ የኪራይ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ስልሳን የተሻገሩ አንዲት የደቡብ አፍሪካ ሴት የእጅ ሻንጣቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ መስኮታችን መጡ።

«መኪና እፈልጋለሁ... ያለ ሹፌር» አሉ በእንግሊዝኛ።

አለቃዬ የውጭ አገር መንጃ ፈቃድ እዚህ ካልተቀየረ እንደማይሆን አስረዳቸው። ተከራከሩ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻ እኔን ተቀበሉ። ተቀበሉ ስላችሁ... እንደ ቅጣት ነው የተቀበሉኝ።

ኮሮላዋ ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ።

«ወዴት ልውሰድዎት?»

«አቃቂ ቃሊቲ።»

ገረመኝ። እኔ እዚያው አቃቂ ነው የምኖረው። ከአውሮፕላን ወርዶ ቀጥታ ወደ እኛ ሰፈር የሚሄድ እንግዳ አይቼ አላውቅም። ፋብሪካና ተሳቢ መኪና ሊያይ ነው እንዴ የሚመጣው?

«አቃቂ ቃሊቲ የት ጋ?»

«ስንደርስ እነግርሃለሁ። ቶሎ ንዳ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ በረራ አለኝ።»

በስፖኪዮ አየኋቸው። ሻንጣዋን አልለቀቋትም። በየደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት የሚወጣ ሰው... ሹፌር የማይፈልግ... የሚሄድበትን የማይናገር... በቃ ዕፅ ነው አልኩ በልቤ። መሪው በላቤ ይንሸራተትብኝ ጀመር። ቢያዙ እኮ አብሬ ነው የምገባው! ልጆቼ ታዩኝ።

ቀለበት መንገዱን ይዘን ቃሊቲ አካባቢ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ከጅቡቲ የገባ ተሳቢ ሁሉ እዚያ የቆመ ነው የሚመስለው። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ያን ጊዜ ሴትየዋ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና የተጣጠፈ ወረቀት አቀበሉኝ።

በአማርኛ የተጻፈ ነው። «ቃሊቲ ማረሚያ ቤት፣ የሴቶች ክፍል። ጥየቃ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።» ከሥሩ የአንዲት ሴት ሙሉ ስም አለ።

«ልጄ ናት» አሉኝ። «ዱባይ ሥራ አገኘሁ ብላኝ ነበር የሄደችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዱባይ ያለች ነው የመሰለኝ። ለካ እዚህ ኤርፖርት ላይ የሰው ዕቃ ይዛ ተይዛለች። ይሄንን የላከችልኝ አብራት ታስራ የተፈታች ሴት ናት።»

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላቸው።

«ሹፌር ያልፈለግኩት... ለማንም መናገር ስለከበደኝ ነው።»

ያሰብኩትን ሁሉ አስታውሼ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደነዳሁ አትጠይቁኝ። በሰፈር ውስጥ ውስጡን፣ በባጃጅ መንገድ፣ ክላክስ እያደረግኩ... ለስድስት ሰዓት ሃያ አምስት ጉዳይ ሲል በሩ ላይ ደረስን።

ፍተሻ። ሻንጣዋ ተከፈተች። እውነቱን ልናገር... ያኔም ቢሆን ልቤ ተንጠልጥሎ ነው ያየሁት። የውስጥ ልብስ፣ የፀጉር ቅባት፣ ቢጫ ሹራብ፣ ሁለት ፓኮ ብስኩት። ሌላ ምንም የለም።

መዝጋቢዋ ፖሊስ ወጣት ናት። ፓስፖርታቸውን ተቀብላ መዘገበችና ልጅቷን የሚጠራ ሰው ላከች። ጠበቅን። የተላከችው ብቻዋን ተመለሰች።

«አልወጣም አለች።»

«እንዴት?» አልኩ።

«እናቴ የት እንዳለሁ አታውቅም፣ ተሳስታችሁ ነው አለች። እሷን እኮ እስከ ዛሬ አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም። እየቀለዱብኝ ነው ብላ ተቆጥታ ተኝታለች።»

እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ነገርኳቸው። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር... አላለቀሱም። ወደ መዝጋቢዋ ተጠግተው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ኖምቩላ በያት። ዝናብ እየጣለ ስለተወለደች እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የምጠራት። ፓስፖርቷ ላይ የለም።»

ተረጎምኩላት።

«ኖቡላ?» አለች መዝጋቢዋ።

«ኖም... ቩ... ላ።»

«ኖምቡላ... ኖምቩላ... እሺ እማማ፣ እኔው ራሴ እሄዳለሁ» ብላ ተነሳች። እንዳይጠፋባት ስሙን እየደጋገመች በግማሽ ሩጫ ገባች። ምሳ ዕቃ ይዘው የተሰለፉት ጠያቂዎች ሳይቀሩ ወደ ገባችበት ዞሩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል።

ስድስት ደቂቃ... አምስት...

ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ልጅቷ በአንድ እግሯ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጋ እየሮጠች መጣች። ቀሚሷ ምስማር ላይ የተሰቀለ ነው የሚመስለው፣ ትከሻዋ አጥንት ብቻ ነው። እስረኛና ጠያቂን የሚለየው አጥር ጋ ደርሳ ቆመችና እናቷን አየቻቸው... ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ ፊቴን አዞርኩ።

ስድስት ሰዓት ሞላ። አለፈ። ጠያቂው ሁሉ መውጣት ጀመረ። መዝጋቢዋን አየኋት፤ እሷም ሰዓቷን አየችና እጅጌዋን ሳበችበት።

«የእኔ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል» አለችኝ፣ ሳትስቅ።

አሥር ደቂቃ ያህል ጨመረችላቸው።

ስንመለስ ሴትየዋ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ኤርፖርት እስክንደርስ አንድም ጊዜ ሰዓታቸውን አላዩም። መኪናው ሲቆም ባዶዋን ሻንጣ አንስተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሃት አይደል? ወፈር ብላለች።»

«በጣም እንጂ!» አልኳቸው።

እኔ እንዳልዋሸሁ፣ እሳቸውም እንዳመኑኝ ሆነን ተጨባበጥንና ተለያየን።