የሰላም ስግደት

ይህ የሆነው አምና በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ በአንድ ጊዜ እንደዚያ አፍሬም ተደስቼም ስለማላውቅ ነው።

የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ልጄ ሰላም ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ስሟን ሳወጣላት ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እሷ ግን እጇ ከአፏ ይቀድማል። እርሳሷን የነካ ሁሉ ጡጫዋን ይቀምሳል። በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። በሦስተኛው ዳይሬክተሯ "ከደገመች ትሰናበታለች" ብለው ማስጠንቀቂያ አስፈረሙኝ። በእግሯ የምትደርስበት ሌላ ትምህርት ቤት የለም። ከጸሎት በቀር ምን አቅም አለኝ?

ጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ በሯን ገርበብ አድርጋ ስትወድቅ ስትነሳ አየኋት። እጇን መሬት ታስነካለች፣ ደረቷን ታወርዳለች፣ ብድግ ትላለች። ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። እንዳልረብሻት ኮቴዬን አጥፍቼ ተመለስኩ። እኔ ጉልበቴን እያመካኘሁ ስግደት ቀንሼ፣ ልጄ ቀደመችኝ! እንባዬ መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበሬ ሴቶች ሁሉ አወራሁ።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ተደወለ። "አሁኑኑ ይምጡ።"

እየተጣደፍኩ ደረስኩ። ቢሮው ውስጥ ዳይሬክተሯና ገመቹ የሚባለው ወጣት የስፖርት መምህር ተቀምጠዋል። አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

"እባክዎ አያባርሯት! ልጄ ተለውጣለች። በየቀኑ ሃያ ሠላሳ ትሰግዳለች። ሰጋጅ ልጅ እንዴት ትባረራለች?"

ዳይሬክተሯ መምህሩን አዩት። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

"ሃርሜ፣" አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስግደት አይደለም። ፑሽ አፕ ነው።"

"ምንድን ነው?"

"ስፖርት ነው። እጅሽ ሊማታ ሲነሳ መሬት ላይ አውርጂው፣ አሥር ሠርተሽ ተነሺ ብያት ነው። ቤትም ተለማመጂ አልኳት።"

ለካ ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው ስትቆጥር ነው።

ዳይሬክተሯ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የጠዋቱን ነገሩኝ። አንድ ልጅ ሹሩባዋን ሳበ። ሰላም ጡጫዋን ጨበጠች። ልጆቹ ድብድብ ሊያዩ ተሰበሰቡ። እሷ ግን አቧራው ላይ ወርዳ ትሠራ ጀመር። አሥር አልበቃትም፤ ሃያ አምስት ደረሰች። መጨረሻ ላይ የሚቆጥርላት ያው ሹሩባዋን የሳበው ልጅ ነበር።

"የጠራንዎት ማስጠንቀቂያውን ልንቀድደው ነው" አሉኝ።

ስወጣ ገመቹን አመሰገንኩት። በጸሎቴ እንዳስበው የክርስትና ስሙን ጠየቅኩት። ራሱን አከከ።

"ሃርሜ፣ የክርስትና ስም እንኳ የለኝም። ገመቹ ብቻ ይበሉ፤ ፈጣሪ ያውቀኛል።"

ሰላም ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ እዚያው። የማኅበሬ ሴቶች "ሰጋጇ ደኅና ናት?" እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጠዋት ጠዋት በጸሎቴ ከቤተሰቤ የክርስትና ስሞች፣ ከወለተ ማርያምና ከገብረ ሥላሴ ቀጥዬ "ገመቹ" እላለሁ። ጸሎቴ መንገድ የሳተ አይመስለኝም።