የተከሰሰው የጥቀርሻ ሴንሰር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ፣ የታላቅ እህቴን ልጅ ለመጠየቅ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ከተማ ወደሆነችው አል ዐይን ሄጄ ሁለት ወር በቆየሁበት ጊዜ ነው። ጉዳዩ አንድ የናፍጣ አውቶቡስንና ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ አንድ ሴንሰርን የሚመለከት ስለሆነ ሊተረክ የሚገባው አይመስል ይሆናል። ነገር ግን በሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ሥራ ዘመኔ አንድም ቀን ያልገጠመኝ ነገር የገጠመኝ በዚያ አውቶቡስ ሥር በመሆኑ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በጡረታ እስከተሰናበትኩበት ዕለት ድረስ የሠራሁት በመዝገብ ቤት ነው፤ መጀመሪያ በጸሐፊነት፣ ኋላም በኃላፊነት። በእኔ እጅ ገብቶ የጠፋ ፋይል የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን የርክክብ ሰነዱ ስለሚመሰክር ነው። ከዚያ ሥራ ሁለት ልማዶች አብረውኝ ጡረታ ወጥተዋል። አንዱ የየዕለቱን ውሎ በደብተር መመዝገብ ሲሆን፣ ሌላው የተዝረከረከ ነገር አይቶ ማለፍ አለመቻል ነው።

የእህቴ ልጅ ዳዊት ይባላል። ለአንድ አነስተኛ የማጓጓዣ ድርጅት ተቀጥሮ፣ ሠራተኞችን ጠዋት ከአል ዐይን ወደ አቡ ዳቢ ያደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን እኔንም ከፊት ወንበር አስቀምጦ ይወስደኝ ነበር። ቀኑን አል ዛሂያ በሚባለው የአቡ ዳቢ ሰፈር ውስጥ በእግሬ ስዘዋወር እውልና፣ እሱ አውቶቡሱን ወደሚያቆምበት ቦታ ተመልሼ የመመለሻውን ሰዓት እጠብቃለሁ።

አንድ ማክሰኞ ስንመለስ፣ በመንገዱ ላይ ካለችው ከስዌይሃን ከተማ አጠገብ ስንደርስ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ወዲያው የአውቶቡሱ ጉልበት ቀነሰ። ዳዊት ነዳጁን ቢረግጥም ከዝግታ አላለፈም።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ጥቀርሻውን የሚይዝ ማጣሪያ አለ። ከማጣሪያው ኋላ ደግሞ ‘ጥቀርሻ አመለጠ ወይስ አላመለጠም’ ብሎ የሚቆጣጠር ሴንሰር አለ። አመለጠ ብሎ ካመነ መብራቱን ያበራል፤ ሞተሩም ራሱን ይቆጥባል።»

ተቆጣጣሪን የሚቆጣጠር ተቆጣጣሪ መሆኑ ነው። አሠራሩን ወደድኩት።

ተሳፋሪዎቹ ግን አልወደዱትም። ከኋላችን የምትቀመጥ፣ በአንድ ሆቴል የጽዳት ሠራተኛ የሆነች ሻሺቱ የምትባል ሴት ከአጥሩ ማዶ የሚሄዱትን ግመሎች እያየች፣ «ኧረ ዳዊት፣ ግመሉ ቀደመን እኮ!» አለች።

«ዝም በይ ሻሺቱ።»

«ዝም ልበል እንጂ። ያኛውማ ዞሮ አየን፤ አዘነልን መሰለኝ። ኸላስ፣ በቃ እንውረድና እንግፋ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳዊትም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ አል ዐይን ሰናይያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር የሚሠራው ሰይድ ሴንሰሩን በአዲስ ለወጠለት። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ድርጅቱ መኪኖቹን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነበር።

በአራተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ሰይድ «አንዳንዴ አዲሱም ብልሹ ሆኖ ይመጣል» ብሎ ሌላ ገጠመ። እሱም ሦስት ቀን ሠርቶ እንደ ፊተኛው ሆነ። ያን ዕለት የሳቀ ሰው አልነበረም። ሠራተኞቹ የዘገዩበት ሰዓት ለድርጅቱ በጽሑፍ ደርሶ ነበርና።

ሙዲር እያሉ የሚጠሩት የስምሪት ኃላፊ ዳዊትን አስጠርቶ የነገረው አጭር ነው። ሁለት አዲስ ሴንሰሮች በሁለት ሳምንት ውስጥ አይበላሹም፤ ስለዚህ ሴንሰሩ የሚናገረው እውነት ነው፣ ጥቀርሻ እያመለጠ ነው። ጥቀርሻ የሚያመልጠው ደግሞ ማጣሪያው ከተነካ ነው። አንዳንድ ሹፌሮች ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ ብለው የማጣሪያውን ሆድ በብረት ወግተው ባዶ ያደርጉታል። ይህ በአገሩ ሕግ ጥፋት ነው። መብራቱ እስከ ሐሙስ ጠዋት ካልጠፋና ምክንያቱ ካልታወቀ፣ ዳዊት ቁልፉን ያስረክባል። በሚቀጥለው ወር የሚያበቃው የመኖሪያ ፈቃዱም፣ ኢቃማ የሚሉት፣ አይታደስም።

ሚስቱም ልጁም የሚኖሩት በእሱ ኢቃማ ነው። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው የተወለደች በመሆኗ አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር የተጋባ ነው። በዚያ ምሽት ራት ላይ፣ «ግራንድፓ፣ የባባ ባስ ሲክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቷ እንጀራውን ቆርሶ በእጁ እንደያዘ ቀረ። «ይድናል» አልኳት። በምን ማስረጃ እንዳልኩ አላውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከዳዊት ጋር ወደ ሰናይያ ሄድኩ። ሰይድ አውቶቡሱን ከመኪና ሥር ገብቶ ከሚሠራበት ጉድጓድ ላይ አቁሞ፣ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ያው ነው። የሴንሰር ችግር ይላል። ዳዊት ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ማጣሪያውን ነክተኸዋል?»

«ወላሂ በልልኝ እንጂ ሰይዴ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ አልምልም። አልነካሁም!»

«እኔ ላንተ ወላሂ ብዬ ጀሀነም ልግባ?»

ከዚህ በኋላ ሰይድ ነጭ ጨርቅ ፈለገ። በጋራዡ ውስጥ ነጭ ሆኖ የቀረ ጨርቅ አልተገኘም። እኔ መሐረቤን አውጥቼ ሰጠሁት፤ የተተኮሰ ነበር። ተቀብሎ እያየው፣ «ጋሼ፣ ይህን ላቆሽሸው ነው» አለኝ። «ከቆሸሸ ምስክር ይሆናል» አልኩት።

በጣቱ ላይ ጠቅልሎ ከጭስ ማውጫው አፍ ውስጥ አስገባና ዙሪያውን አሸው። ሲያወጣው ጥቂት አቧራ ነበረበት እንጂ ጥቁር ነገር አልነካውም። ማጣሪያው ቢወጋ ኖሮ መሐረቡ ከሰል ይመስል ነበር ሲል አስረዳን። ዳዊት መሐረቡን ተቀብሎ ደጋግሞ አየው። ስሙ ጥላሸት ተቀብቶ ለከረመ ሰው፣ የጨርቅ ንጣት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ አየሁ።

ነገር ግን ይህ ዳዊትን ነጻ ቢያደርግም ምክንያቱን አልገለጠም። ሰይድ ቀጥሎ የሚጠረጥረው የሞተሩን ዋና ኮምፒውተር ነበር። እሱን አስመጥቶ ለመለወጥ ሳምንታት ይፈጃል። ሙዲሩ የሰጠው ጊዜ ደግሞ እስከ ነገ ጠዋት ነው።

እኔ ደብተሬን አወጣሁ። መብራቱ የበራባቸውን ቀናት በቅደም ተከተል ብናያቸው ይጠቅማል አልኩ።

ሰይድ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይህ ሞተር ነው እኮ፤ ፋይል አይደለም። ቢያገላብጡት አይናገርም።»

«መጀመሪያ መቼ ጀመረ ብሎ መጠየቅ ለሁሉም ይሠራል» አልኩት።

«እሺ፣ ያንብቡልኝ። እኔ ሻይ ላምጣ።»

ዳዊት ስልክ ሊደውል ወደ ደጅ ወጣ። እኔ ገጾቹን ወደ ኋላ እያገላበጥኩ መጀመሪያ ወደበራበት ማክሰኞ ደረስኩ። በልማዴ መሠረት የፊተኛውን ቀንም አነበብኩ። በሰኞው ገጽ፣ ከአየሩ ሁኔታና ከምሳዬ ቀጥሎ፣ በእጅ ጽሑፌ እንዲህ የሚል ሰፍሯል፦ «ከአውቶቡሱ ሥር የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ በሥርዓት ታሰረ።»

በመሥሪያ ቤታችን የአጻጻፍ ልማድ አድራጊው አይጠቀስም። ታሰረ፣ ተላከ፣ ተመለሰ ነው የሚባለው። ማን እንዳሰረው ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ነገሩ ትዝ አለኝ። በዚያ ሰኞ አል ዛሂያ ውስጥ ከእግር ጉዞዬ ስመለስ ዳዊት ወንበሩን ዘርግቶ ተኝቶ ነበር። በአውቶቡሱ የኋላ ጎማ አጠገብ አንድ ገመድ ማቀፊያው ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ለእሱ ከመንገር ይልቅ እንቅልፉን ላለማቋረጥ መረጥኩ። ከመሣሪያ ሳጥኑ ቀጭን ሽቦ አውጥቼ፣ ገመዱን አጠገቡ ካለው የብረት ቱቦ ጋር አሰርኩት። ሞተሩ ለሰዓታት ጠፍቶ ስለቆየ ቱቦው ቀዝቃዛ ነበር። ቱቦው የጭስ ማውጫው መሆኑን አላስተዋልኩም። ነገሩ ትንሽ ስለመሰለኝ ለዳዊትም አልነገርኩትም።

ከረባቴን እንዳሰርኩ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። ቋጠሮው እዚያው ነበር፤ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ፣ መስቀለኛ ሆኖ፣ ጫፉ እጅ እንዳይቧጥጥ ወደ ውስጥ የተቀበረ። ወፍራም ፋይሎችን የምናስርበት የመዝገብ ቤት ቋጠሮ ነው። እኔ ራሴ ለስንቱ ጀማሪ ጸሐፊ አስተምሬዋለሁ። ከሽቦው ሥር የገመዱ ልባስ ቀልጦ ከቱቦው ላይ ተጣብቋል፤ መዳቡም ብልጭ ብሎ ይታያል። ሰይድ ሁለት ጊዜ የለወጠው ሴንሰሩን ነው። ለሴንሰሩ ኃይል የሚያደርሰው ይህ ገመድ ግን የአውቶቡሱ ስለሆነ አልተለወጠም። ሴንሰሩ በተለወጠ ቁጥር ገመዱ ሲነካካ ለጥቂት ቀን ይስተካከልና፣ መዳቡ ተመልሶ ቱቦውን ሲነካ መብራቱ ይበራል።

በዚያ ቅጽበት ከጉድጓዱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ፒንሳው ከእግሬ አጠገብ ወድቋል። ሽቦውን ቆርጬ ኪሴ ብከተው፣ ሰይድ የቀለጠውን ገመድ ራሱ አግኝቶ «ተንጠልጥሎ ቱቦው ነክቶት ነው» ይል ነበር። ዳዊት ይድናል፤ እኔም እንደተከበርኩ አገሬ እገባለሁ። ይህን ማሰቤን አልክድም። ያቆመኝ ትልቅ ነገር አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ጸሐፊ ስሙ ያለበትን ገጽ ከፋይል ስለቀደደ ከመዝገብ ቤት እንዲዛወር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው «አንድ ገጽ ብቻ ናት» ብሎ ነበር።

«ሰይድ!» ብዬ ተጣራሁ።

ሻዩን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ወርዶ ሽቦውን ሲያይ፣ «ይህንንማ አይቼው ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በጣም ስላማረ ፋብሪካው የሠራው መስሎኝ አለፍኩት።»

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሽቦውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሳቁ ጉድጓዱን ሞላው። «ያ ረቢ! ዳዊት! ና፣ ሌባው ተገኘ፤ የተያዘው ከነከረባቱ ነው!»

ዳዊት መጥቶ ነገሩን ሲሰማ አልሳቀም። ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ጋሼ፣ ለምን አልቀሰቀሱኝም?» ብቻ አለኝ።

ሰይድ የተቃጠለውን ቁራጭ አውጥቶ አዲስ ቀጠለ፤ ገመዱንም ከቱቦው አርቆ በአዲስ ማቀፊያ አስቀመጠው። ማምሻውን ስዌይሃን ድረስ ደርሰን ተመለስን። መብራቱ አልበራም። ግን መብራቱ መጥፋቱ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ሙዲሩ የጠየቀው ምክንያቱንም ነው።

ቤት እንደገባን በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጻፍኩ። የሆነውን በተራ ቁጥር ለያይቼ አሰፈርኩ። በቢሮ ልማዴ ‘ታሰረ’ በሚል ጀምሬ ነበር፤ ወረቀቱን ቀየርኩና ‘እኔ አሰርኩት’ ብዬ እንደገና ጻፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ከዳዊት ጋር ሄጄ ወረቀቱን ከተቆረጠው ሽቦና ከመሐረቡ ጋር ሙዲሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ።

ሙዲሩ በእኔ ዕድሜ የሚገኝ ሰው ነው። ወረቀቱን እስከ ፊርማዬ ድረስ አነበበ። ሽቦውን አንሥቶ ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረ፤ አልተፈታለትም።

«ይህን ያሰርከው አንተ ነህ?»

«አዎን።»

«ቋጠሮው ጥሩ ነው» አለ። «ቦታው ነው የተሳሳተው።»

ወረቀቱን በስቶ ከዳዊት ፋይል ውስጥ ከተተው። ቁልፉን ወደ ዳዊት ገፋለት። መሐረቡን ደግሞ አጣጥፎ ለእኔ መለሰልኝ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ፋይል በእጄ አልፏል፤ የእኔ ስም በጥፋተኝነት ፋይል ውስጥ ሲገባ ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ወረቀቱ በትክክለኛው ቦታ መግባቱንም ሳላጣራ አልወጣሁም።

የዳዊት ኢቃማ በወሩ ታደሰ። ሻሺቱ እኔ እስክመለስ ድረስ አውቶቡሱ ላይ በወጣሁ ቁጥር፣ «አባባ፣ ዛሬ ያሰሩት ነገር አለ?» ስትለኝ ሰነበተች። መጀመሪያ ላይ ደስ አይለኝም ነበር፤ በኋላ ግን «የአንቺን ምላስ ለማሰር ሽቦ እየፈለግሁ ነው» ብዬ መመለስ ጀመርኩ።

አሁን ነገሩን ሳስበው ኀፍረቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። እንዲለቀኝም አልፈልግም። ለሁለት ሳምንት ‘ዋሸ’ ተብሎ ሁለት ጊዜ የተነቀለው ሴንሰር አልዋሸም፤ አንድ ችግር መኖሩን በሚያውቀው ብቸኛ መንገድ ሲናገር ነበር።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ደብተሩን ከፍቼ የዚያን ሰኞ ገጽ አወጣሁ። በእኛ ሥራ የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፣ ገጹም አይቀደድም፤ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ የሰረዘውም ይፈርምበታል። «በሥርዓት ታሰረ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ከላያቸው «አሰርኩት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።