ደህና ናት ብዬ

ውሻዋን ያመጡልኝ ከኩርሙክ ግጭት ሸሽተው አሶሳ ዘመድ ቤት ያረፉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ያረፉበት ቤት እኔ ከተከራየሁበት ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ዘመዶቻቸው የሚሰግዱት ግቢው ውስጥ ስለሆነ ውሻ እንዲገባባቸው አልፈለጉም። ሁለት ቀን ደጅ አስረዋት ከቆዩ በኋላ የእኔን በር አንኳኩ።

"አስተማሪ፣ ውሻ ያዝልኝ" አሉኝ። "እርሻ ጠባቂ ነው። ዝንጀሮ ይፈራዋል።"

የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በርታ ነው። በአማርኛቸው ሴትና ወንድ ስለማይለዩ እኔንም ውሻዋንም እንደ ወንድ ነበር የሚጠሩን። በቡችላነቷ ጎርፍ ይዟት ሲሄድ አውጥተው በገንፎ እንዳሳደጓት ነገሩኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ወራት አለፉ። የኩርሙክ ግጭት ጋብ ሲል ለዘር ተመለሱ፤ የመኪናው ሹፌር ግን ውሻ አልጭንም አለ።

"ማሽላ ሲደርስ መጥቼ እወስደዋለሁ። እስከዚያ አትፍታው፣ ከተማ ውሻ ብዙ ነው። መርፌም አስወጋው።"

"እሺ፣ አባባ" አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቅዳሜ እንደሚሰጥ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ያን ቅዳሜ የፈተና ወረቀት አርም ነበር፤ ለራሴም ምክንያቴ እሱ ነው አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ውሻ በገመድ እየጎተትኩ በተማሪዎቼ ፊት ማለፍ አሳፍሮኝ ነው። ለሚቀጥለው ዙር አደርሳታለሁ ብዬ ተውኩት።

ስትታሰርም አላስቻለኝም። ስታላዝን አንጀቴን ትበላኝ ስለነበር ጠዋት ጠዋት እፈታታለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን ጆሮዋ ተነክሶ አገኘኋት። በጨው ውሃ አጠብኩላት። ሲሽር ጊዜ ረሳሁት።

ከሳምንታት በኋላ ምግብ ተወች። ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። ያሰርኳትን ምሰሶ ስትነክስ ሳይ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ሐኪሙ ከሩቅ ቆሞ አያት።

"ተከትባለች?"

"አልተከተበችም።"

"ነክሳሻለች?"

"አልነከሰችኝም። ትናንት ግን እጄን ስትልሰኝ ነበር።" የተጫረ ጣቴን አሳየሁት።

"በሳሙና በደንብ ታጠቢና አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ለእሷ የሚደረግ ነገር የለም።"

ስመለስ ሐኪሙ አስወግዷት ምሰሶው ስር ገመዱ ብቻ ነበር። ለእሷ አንዲት መርፌ ማስወጋት የከበደኝ ሰው፣ የራሴን መርፌ ግን አንድም ቀን ሳላጓድል ተመላልሼ ጨረስኩ።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌው ደወሉ።

"ውሻው እንዴት ነው?"

"ደህና ናት፣ አባባ።" ከአፌ ያመለጠኝ እንዲሁ ነው። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ፤ በደወሉ ቁጥር "ደህና ናት" እላለሁ። አንድ ቀን "ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግ" አሉኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ባዶው በረንዳ ዘረጋሁት። ረጅም ፉጨት አፏጩ።

"ሰማ?"

"ሰምታለች" አልኩ።

ማሽላው ሊደርስ ሲል ሊወስዷት መጡ። ወንበር ሰጥቻቸው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክትባቱንም፣ ማፈሬንም፣ ውሸቴንም።

"ያን ቀን ሳፏጭ ማን ሰማ?"

"እኔ ብቻ ነኝ፣ አባባ።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ "አንተስ መርፌ ጨረስክ?" አሉኝ።

"ጨርሻለሁ።"

"ጥሩ ነው" ብለው ተነሱ። ሻይ ላፍላልዎ ብላቸው አልጠጡም። በዚያኑ ቀን ወደ ኩርሙክ የሚሄድ መኪና ተሳፈሩ። በዚያ ዓመት ማሽላቸውን ከዝንጀሮ የጠበቁት ራሳቸው ቆርቆሮ እየመቱ እንደነበር በኋላ ከዘመዶቻቸው ሰማሁ።

አሁንም በበዓል እደውልላቸዋለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ይጠይቁኛል። ባለፈው ዓመት ከባምባሲ የመጣች ቡችላ አግኝቼ አስከተብኳትና ልላክልዎ አልኳቸው። "አይ፣ አስተማሪ፣ አንተ ያዘው" አሉኝ። እየደጋገምኩ የማስበው ይህን መልሳቸውን ነው፤ ይቅር ብለውኝ ይሁን አዝነውብኝ ዛሬም አላወቅሁም። ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም።